ጥንብ አንሳው ሲጠፋ ማን ይቆጥራል?

ስለ ምዕራብ ጎጃም አእዋፍና የዱር እንስሳት የቀረበ ዳሰሳ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥታችሁ በደምበጫ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ ተጉዛችሁ ታውቁ ይሆናል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የበቆሎና የበርበሬ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ተክል፣ አልፎ አልፎም በደብሮች ዙሪያ የቀሩ የጥንት ዛፎች ይታያሉ። ቀና ብላችሁ ወደ ሰማይ ከተመለከታችሁ ደግሞ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳያርገበግቡ የሚዞሩ ትልልቅ አሞሮች ታያላችሁ። በከተሞቹ ዳር እርድ በሚካሄድበት አካባቢም እነዚሁ ወፎች ማልደው ይሰበሰባሉ። ስማቸው «ጥንብ አንሳ» ነው። ስሙ ራሱ በአማርኛችን ለስድብ ስለሚውል ይመስላል፣ ብዙዎቻችን አይተናቸው እናልፋለን እንጂ ቆም ብለን «ስንት ናቸው? ካለፈው ዓመት ጨመሩ ወይስ ቀነሱ?» ብለን አንጠይቅም።

ዛሬ ይህን ጥያቄ አብረን እንድንጠይቅ እንፈልጋለን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰው እየሞተ ስለ ወፍ?

«ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ወፍ መጻፍ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ በዚያው በነሐሴ ወር በዚህችው ከተማ ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል። ለቅሶ በተቀመጠ ቤት ገብቶ ስለ አእዋፍ ማውራት ይከብዳል።

ይሁን እንጂ የአእዋፍና የዱር እንስሳት ጉዳይ ከሰው ሕይወት ጉዳይ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ወፎቹ ሲጠፉ የሚከተለው ጉዳት ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሰው ላይ፣ ይልቁንም በድሃው ላይ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አስቀድሞ የቆጠረ ሰው ከሌለ አይታወቅም። ይህን በግልጥ ያሳየችን አገር ሕንድ ናትና ከእርሷ እንጀምር።

ሕንድ የከፈለችው ዋጋ

በሕንድ ጥንብ አንሳ እንደ እርግብ የተለመደ ወፍ ነበር። ከብት ሲሞት ገበሬው በድኑን ከመንደር አውጥቶ ይጥለዋል፤ ጥንብ አንሳዎቹም ወርደው በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጥንቱን ብቻ ያስቀራሉ። በ1990ዎቹ ግን ወፎቹ መርገፍ ጀመሩ። ጀርባው ነጭ የሆነው አንዱ ዝርያ ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ በ99.9 በመቶ ቀነሰ። ከአንድ ሺህ አንድ ቀረ ማለት ነው።

ይህ እንዴት ታወቀ? ቪቡ ፕራካሽ የተባሉ ተመራማሪ በኬኦላዴኦ ብሔራዊ ፓርክ በ1980ዎቹ ጥንብ አንሳዎችንና ጎጆዎቻቸውን ቆጥረው መዝግበው ነበር። በ1990ዎቹ ተመልሰው ሲቆጥሩ ዛፎቹ ባዶ ሆኑባቸው። የመጀመሪያው ቆጠራ ባይኖር ኖሮ ሁለተኛው ምንም አይነግራቸውም ነበር።

መንሥኤውን ለማወቅም ዓመታት ወስዷል። አንዳንዶች በሽታ ነው ብለው ነበር። በ2004 ሊንዚ ኦክስ የተባሉ የእንስሳት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በፓኪስታን ባደረጉት ጥናት እውነቱን ደረሱበት። ገዳዩ ዲክሎፌናክ የተባለው የሕመም ማስታገሻ ነበር። መድኃኒቱ የተሰጠው ከብት ብዙም ሳይቆይ ከሞተ፣ ሥጋውን የበላው ጥንብ አንሳ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል መድኃኒቱ ለእንስሳት ሕክምና እንዳይውል ከለከሉ።

እስከዚያው ግን በድኑን የሚያነሣ ጠፋ። የከብት ሬሳ በየሜዳው በሰበሰ፤ ወንዝና ምንጭ ተበከለ፤ ጥንብ አንሳው የተወውን ሥጋ የበሉ ባለቤት አልባ ውሾች በዙ፤ ከእነርሱም ጋር የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋት ጨመረ። ኢያል ፍራንክና አናንት ሱዳርሻን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2024 ባሳተሙት ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በዚህ ምክንያት ተጨማሪ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎች መሞታቸውን ገምተዋል። ልብ በሉ፣ የሞቱት ሰዎች ናቸው፤ የተጀመረው ግን በወፍ ነው።

በአገራችንስ ምን ታየ?

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 በአፍሪካ የሚኖሩ በርካታ የጥንብ አንሳ ዝርያዎችን «ለመጥፋት እጅግ የቀረቡ» ከሚላቸው ምድብ አስገብቷቸዋል። ከእነዚህ መካከል በከተሞቻችን ቄራዎች ዙሪያ በብዛት የምናየው፣ ፊቱ ላባ የሌለውና ቡናማው ትንሹ ጥንብ አንሳ ይገኝበታል። እንግዲህ እንደ ተራ ነገር አይተነው የምናልፈው ወፍ በዓለም ደረጃ ሊጠፋ የተቃረበ ፍጥረት ነው።

በኢትዮጵያም ኢቫን ቢችሊ የተባሉ ተመራማሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከ2014 እስከ 2019 በስድስት ከተሞች ዙሪያ በሚገኙ ቄራዎች ጥንብ የሚበሉ እንስሳትን ተከታትለው ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ የታላላቆቹ ጥንብ አንሳ ዝርያዎች ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ትንሹም ቢሆን መቀነሱ አልቀረም፤ በአንጻሩ የባዘኑ ውሾች ቁጥር ከእጥፍ በላይ ጨመረ። ሕንድ የሄደችበት መንገድ መግቢያው ይህን ይመስል ነበር።

የጅብም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በመቀሌ ዙሪያ የሚኖሩ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ያህል የእንስሳት ተረፈ ምርትና በድን እንደሚያስወግዱ፣ በዚህም አባ ሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ከመሳሰሉ በሽታዎች ሰውንም ከብትንም እንደሚጠብቁ አስልቷል። ማዘጋጃ ቤት ደመወዝ የማይከፍላቸው የጽዳት ሠራተኞች አሉን ማለት ነው።

ከጮቄ የጠፋው

ጎጃም ሳይቆጠር የጠፋ ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው የጮቄ ተራራ ላይ በአንድ ወቅት ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ዛሬ የለም። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትኛውም አገር አይገኝም፤ በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በሌሎች ጥቂት ደጋዎች የቀሩት በድምሩ 500 ገደማ ብቻ ናቸው። ተመራማሪዎች ዝርያው የጠፋባቸውን ተራሮች ሲዘረዝሩ ጮቄን ይጠራሉ።

የመጨረሻው ቀይ ቀበሮ ከጮቄ በጠፋበት ቀን የደወለ ደወል አልነበረም። እርሻው ሽቅብ ወጣ፣ ግጦሹ በዛ፣ እንስሳው አነሰ፣ ከዚያም አለቀ። አንድ ትውልድ አየው፤ ቀጣዩ ከአባቱ ሰማው፤ ሦስተኛው ስሙንም አያውቅም። ሰው ስላልቆጠረ እንስሳው በዝምታ ሄደ።

ቆጠራ እንዴት ይካሄዳል?

የመስክ ጥናት ሲባል ብዙዎቻችን ውስብስብ መሣሪያ ይታየናል። መሠረቱ ግን ቀላል ነው። አንድ ተመራማሪ ማለዳ ወፎች በሚንቀሳቀሱበት ሰዓት በተመረጠ ቦታ ይቆማል። ለተወሰነ ደቂቃ በዙሪያው ያየውንና ድምፁን የሰማውን ወፍ ሁሉ ይመዘግባል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። ወይም ቀጥ ባለ መስመር እየተራመደ በግራና በቀኝ ያገኘውን ይጽፋል። ይህንኑ በበጋና በክረምት ይደጋግመዋል፤ ምክንያቱም ከአውሮፓና ከእስያ በመስከረምና በጥቅምት መጥተው በመጋቢት የሚመለሱ ብዙ ወፎች አሉ። አጥቢ እንስሳትን ለማጥናት ደግሞ ዱካና ፋንድያ ይታያል፤ በሌሊት የሚንቀሳቀሱትን በራሱ የሚያነሣ ካሜራ ይይዛቸዋል፤ ገበሬውም ይጠየቃል።

በአካባቢው ከተሠሩት ጥናቶች አንዱን እንጥቀስ። ሽመልስ አይናለምና ፕሮፌሰር አፈወርቅ በቀለ በ2008 ባሳተሙት ጥናት በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ በእንፍራንዝና በይጋንዳ ወንዞች ዳርቻና ረግረግ የሚኖሩ አእዋፍን በዓይነትና በብዛት መዝግበዋል። በአገር አቀፍ ደረጃም በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ለአእዋፍ ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቷል። የውሃ ወፎች ደግሞ በየዓመቱ በጥር ወር በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ይቆጠራሉ። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች መመዝገባቸውን የምናውቀው እንዲህ ባለው ትዕግሥት በተሞላ ሥራ ነው።

የጥናቱ ትልቁ ቁም ነገር መደጋገሙ ነው። አንድ ጊዜ የተደረገ ቆጠራ ፎቶግራፍ ነው፤ የሚደጋገመው ቆጠራ ግን ታሪክ ይናገራል። ጦርነት ደግሞ በመጀመሪያ የሚያቋርጠው ይህን መደጋገም ነው። መንገድ ሲዘጋ ተማሪው የመመረቂያ ጥናቱን ወደ ሌላ ቦታ ይለውጣል፤ በመዝገቡም ላይ የዓመታት ክፍተት ይፈጠራል።

አደጋዎቹ

የመጀመሪያው አደጋ መርዝ ነው። ከብቱን ጅብ የበላበት ሰው ተናዶ በተረፈው በድን ላይ መርዝ ይነሰንሳል። የባዘኑ ውሾችን ለመቀነስም በልዩ ልዩ ከተሞች መርዝ የተቀባ ሥጋ ሲጣል ኖሯል። ጅቡን ወይም ውሻውን የገደለው መርዝ ጥንብ አንሳውንም ይገድላል። አንድ በድን ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ወፎች ስለሚሰበሰቡ አንድ የተመረዘ ሥጋ የአንድ አውራጃን ጥንብ አንሳ ሊጨርስ ይችላል። በቦትስዋና በ2019 በአንድ አጋጣሚ ከ530 በላይ ጥንብ አንሳዎች በዚህ መንገድ አልቀዋል። ጥንብ አንሳ በዓመት የሚጥለው አንድ እንቁላል ነው፤ ለመራባት የሚደርሰውም ከተወለደ ከዓመታት በኋላ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀን የጠፋውን ለመተካት አሥርት ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ሁለተኛው የዛፍ ጉዳይ ነው። ትንሹ ጥንብ አንሳ ጎጆውን የሚሠራው በረዣዥም ዛፎች ላይ ነው። ዋንዛውና ሾላው ተቆርጦ ቦታውን ባሕር ዛፍ ሲይዘው አረንጓዴው ቀለም ይቀራል፤ ለወፉ መጠለያና ምግብ የነበረው ግን ይሄዳል። ባሕር ዛፍ ለገበሬው የቤት ማገር፣ የማገዶና የገንዘብ ምንጭ ስለሆነ «አትትከል» ማለት አይቻልም። ሁሉንም ባሕር ዛፍ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሦስተኛው የረግረግ መድረቅ ነው። ረግረጉ ተንጣፍፎ ለእርሻ፣ ለባሕር ዛፍ ወይም ለጫት ሲውል ሽመላው፣ ይብራውና በውሃ ዳር የሚኖሩት ሌሎች ወፎች ሁሉ መሄጃ ያጣሉ።

አራተኛው የተባይ መድኃኒት ነው። በ2017 መጤ ተምች በኢትዮጵያ ከታየ ወዲህ በበቆሎ አምራች አካባቢዎች የመድኃኒት ርጭት የተለመደ ሆኗል። ቡሬና ጃቢ ጠህናን ደግሞ የበቆሎ አገር ናቸው። ያለ ልክ የሚረጭ መድኃኒት ተምቹን ብቻ አይገድልም፤ ተምቹን የሚለቅሙትንም ወፎች ይጎዳል። ያን ጊዜ ገበሬው ያለ ክፍያ የሚያግዙትን ሠራተኞቹን ያጣል።

በዚህ ላይ ቡሬ እያደገች ያለች ከተማ ናት። የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። ልማቱ መልካም ነው፤ ሥራ አጥ ወጣት ላለው ቤተሰብ ተስፋ ነው። ነገር ግን የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የከፍተኛ ኃይል መስመርና የእርድ ተረፈ ምርት አያያዝ ከወዲሁ ካልታሰበባቸው በወፎች ላይ ምን እንደሚያስከትሉ ከሌሎች አገሮች ተሞክሮ ይታወቃል።

ገበሬውን ያላየ ጥናት ጎዶሎ ነው

እዚህ ላይ ሚዛኑን መጠበቅ ያስፈልጋል። ከተማ ተቀምጦ «እንስሳት ይጠበቁ» ማለት ቀላል ነው። ዝንጀሮና ጦጣ የበቆሎ እሸቱን፣ ጃርት ድንቹን፣ ከርከሮ ማሳውን ሲያወድምበት የሚያድረው ገበሬው ነው። ሰብል በሚደርስበት ወራት ብዙ የገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ቀርቶ ማሳ ሲጠብቅ ይውላል። የዝንጀሮው ዋጋ የሚከፈለው በዚያ ልጅ ደብተር ነው።

ስለዚህ መልካም የመስክ ጥናት ዝንጀሮውን ብቻ ሳይሆን የገበሬውንም ኪሳራ ይቆጥራል። የትኛው ሰብል፣ በየትኛው ወር፣ ከደኑ ምን ያህል ርቀት ላይ እንደተጎዳ ካወቀ መፍትሔ ሊጠቁም ይችላል፤ ለምሳሌ ከደን ዳር እንስሳቱ የማይወዱትን በርበሬ መዝራት፣ ጥበቃውን በቡድንና በተራ ማድረግ፣ የበግና የፍየል በረቱን ጅብ በማይደፍረው መንገድ ማጠር። ገበሬው ካልተደመጠ ግን መርዙን ያነሣል፤ ማንስ ይፈርድበታል?

የእኛ ድርሻ

ውድ ወገኖች፣ የወንጌላውያን አማኞች ነንና ይህ ጉዳይ ምን ያገባናል የምንል እንኖር ይሆናል። መጽሐፍ ቅዱሳችን ግን ያገባችኋል ይላል። ሰው ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የምድር አራዊትንና የሰማይ ወፎችን አይቶ ስም ማውጣት ነበር (ዘፍ. 2፥19-20)። ስም ለማውጣት ደግሞ ቀርቦ ማየት ያስፈልጋል። የሙሴ ሕግ በመንገድ ዳር የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዝዛል (ዘዳ. 22፥6-7)፤ ትርፍህን ውሰድ፣ ምንጩን ግን አታድርቅ እንደ ማለት ነው። ጌታችንም በገበያ በጥቂት ሳንቲም ከሚሸጡት ድንቢጦች አንዲቱ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ እንደማትረሳ ተናግሯል (ሉቃ. 12፥6)። እርሱ የማይረሳውን እኛ ስንት እንደሆነ እንኳ አለማወቃችን ሊያሳስበን ይገባል።

ወንጌላውያን በዚህ ሥራ እንግዶች አይደሉም። ታዋቂው የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ጆን ስቶት ዕድሜያቸውን ሙሉ ወፎችን በመመልከት የታወቁ ነበሩ፤ በ1999ም ስለ ወፎች መጽሐፍ አሳትመዋል። በ1983 በፖርቱጋል የተጀመረው «አ ሮሻ» የተባለው ክርስቲያናዊ ድርጅት ሥራውን የጀመረው በወፎች የመስክ ጥናት ሲሆን በጎረቤታችን በኬንያም በዋታሙ የባሕር ዳርቻ አእዋፍን ያጠናል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን በቅርባችን ካለው መማር ይቀድማል። በጎጃምም በጎንደርም ከቀረው የአገር በቀል ደን እጅግ ብዙው ያለው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጸዶች ውስጥ ነው። «እመጓ» በተሰኘው መጽሐፋቸው የምናውቃቸው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ የደን ተመራማሪ ናቸው፤ በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተዋል፤ ከዚያም በኋላ ከብት እንዳይገባባቸው በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ ደክመዋል። ጉሬዛው ዛሬም የሚዘልባቸው፣ ጥንብ አንሳው የሚያድርባቸው ዛፎች እነዚህ ናቸው። በትምህርተ ሃይማኖት ብንለያይም ዛፍ በመጠበቅ ቀድመውናል፤ ይህን መመስከር ተገቢ ነው። በሲሚንቶ የተለበጡት የእኛ ግቢዎች ስንት አገር በቀል ዛፍ አላቸው?

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በየአጥቢያችን ግቢ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ዝግባና ሾላ እንትከል፤ ያሉትንም አንቁረጥ።

ሁለተኛ፣ በበድን ላይ መርዝ መነስነስ ለሰውም ለከብትም አደገኛ መሆኑን ለገጠር ምእመናን እናስተምር። ውሻ ያለን እናስከትብ። የከተማችን ማዘጋጃ ቤት የባዘኑ ውሾችን በምን መንገድ እንደሚቀንስ በአክብሮት እንጠይቅ።

ሦስተኛ፣ በመካከላችን ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ለከብት ሕመም ማስታገሻ ሲያዝዙ ዲክሎፌናክን እንዲተዉ እንምከራቸው። ሜሎክሲካም የተባለው መድኃኒት ከብቱን እንደሚረዳ፣ ጥንብ አንሳውንም እንደማይጎዳ በምርምር ተረጋግጧል።

አራተኛ፣ እንቁጠር። የወጣቶች ኅብረት ወይም የትምህርት ቤት ተማሪዎች ቡድን በወር አንድ ጊዜ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ ቆሞ ያየውን ወፍ በደብተር ይጻፍ። ጊዜው አስጊ ስለሆነ ካሜራና መነጽር ይዞ ገጠር መውጣት አያስፈልግም፤ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ሆኖ ቀና ብሎ ማየት ይበቃል። ስሙን የማታውቁትን ወፍ መልኩን ጻፉ። ሰላም ሲሆን መዝገቡን ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ወይም ቡሬ ግቢ ላለው ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብትሰጡ ሌላ ማንም ያልሞላውን የዓመታት ክፍተት የሚሞላ ይሆናል።

ሕንድን ከነበረችበት ድንቁርና ያወጣት አንድ ሰው ከዓመታት በፊት በደብተሩ ያሰፈረው ቁጥር ነው። ከጮቄ ቀይ ቀበሮ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ደብተር አልነበረም። ነገ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ ቀና በሉና ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ፤ ቀኑንም ጻፉ።

ሰላም ለአገራችን ይሁን። ቸር ያሰንብተን።